የሽመላዎቹ ወንበሮች

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የለተንኪኤል ጓደኞች በዚያ መስከረም የሰሙት ጉድ ደግሞ ራሷ ለተንኪኤል ነበረች። ሮም ውስጥ ሃያ ዓመት ሰው ቤት የሠራች፣ ሃምሳን የተሻገረች፣ ደረጃ ስትወጣ ጉልበቷ የሚንቋቋ ሴት የአሜሪካኖች ኳስ ደጋፊ ሆና ተገኘች። የእግር ኳስ ቢሆን ማንንም ባልገረመ ነበር፤ በዚህ ከተማ እሱ ያልለከፈው ሰው የለም። ይኼ ግን ያ ሌላኛው ነው፤ ኳሱ እንደ ሎሚ ሁለት ጫፍ ያለው፣ ጎረምሶቹ ጠንካራ ቆብ ደፍተው እንደ ወይፈን የሚላተሙበት፣ ትንሽ ሮጠው ብዙ የሚቆሙበት ጨዋታ።

ሐሙስ ከሰዓት የቤት ሠራተኛው ሁሉ ዕረፍት ወጥቶ ቪያ ቮልቱርኖ የሚባለው መንገድ ላይ ሲገናኝ፣ ለተንኪኤል ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጥግ ተቀምጣ ስለ እሑዱ ጨዋታ ታወራለች። የሚሰማት የለም። የልብ ጓደኛዋ ጣይቱ ብቻ አንገቷን እየነቀነቀች ትቀመጥላታለች፤ እሷም ለጓደኛዋ ብላ እንጂ ለኳሱስ ግድ የላትም።

«አሰልጣኙ ፈሪ ነው» ትላለች ለተንኪኤል። «አራት ጊዜ መሞከር ይፈቀዳል። በአራቱ አሥር ያርድ ከሄዱ እንደገና አራት ይሰጧቸዋል። የኛ ሰውዬ ሦስት ሞክሮ፣ አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ኳሷን ጠልዞ ለጠላት ያስረክባል። እንዲህ ያለ ሰው ሚስት እንዴት አገባ?»

«እሱ ቢያገባ ባያገባ አንቺን ምን አገባሽ?» ትላለች ጣይቱ።

«ኳስ ወርዋሪው ልጅ ደግሞ እጁ የታደለ ነው፣ ልቡ ግን ሰው አያምንም። ጓደኛው ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ እጁን እያወዛወዘ እሱ ኳሷን ታቅፎ ያስባል። አሎራ፣ እንግዲህ እያሰበ ሳለ ተከምረውበት ይወድቃል።»

የቡድኑ ስም በወፍ ነው። ለተንኪኤል የምትጦራቸው ሽማግሌ፣ ሲኞር ኤቶሬ፣ በጣልያንኛ «አይሮኒ» ይሏቸዋል፤ እሷ ግን ቆባቸው ላይ የተሳለውን ባለ ረጅም አንገት ወፍ አይታ «ሽመላዎቹ» አለቻቸው፣ በዚያው ጸና። ሲኞር ኤቶሬ በወጣትነታቸው ከሮም አሜሪካ ተሻግረው፣ አንዲት ሐይቅ ዳር ባለች የፋብሪካ ከተማ ብረት ሲያቀልጡ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ሚስታቸውን ይዘው ተመለሱ። ሚስታቸው ሞቱ። ልጃቸው ኢቫና ቶሪኖ ከተማ ትኖራለች፤ በስልክ ጥሩ ልጅ ናት። ከቲቡርቲና ጣቢያ ጀርባ፣ ባቡር ባለፈ ቁጥር የቁም ሣጥኑ ብርጭቆ በሚንሾካሾክበት አፓርታማ፣ ሽማግሌውና ለተንኪኤል ዘጠኝ ዓመት አብረው ኖረዋል። ካለፉት ሁለት ዓመታት ወዲህ እግራቸው አይታዘዝላቸውም፤ ከአልጋ ወደ ባለ ክንዱ ወንበር፣ ከወንበሩ ወደ አልጋ እሷ ታነሣቸዋለች።

እሑድ ምሽት አንድ ሰዓት ሲሆን ግን ቤቱ ሌላ ቤት ነው። አሜሪካ ቀትር ሲሆን ሮም ይመሻል፣ ሽመላዎቹም ሜዳ ይገባሉ። በመጀመሪያው ዓመት ሽማግሌው ብቻቸውን እንዳይሆኑ ብላ ተቀመጠች። በሁለተኛው ሕጉ ገባት። በሦስተኛው ዳኛ መስደብ ጀመረች፤ ከዚያ ወዲያ ሰው መመለሻ የለውም።

በዚያ መስከረም ሐኪሙ መጥቶ የሲኞር ኤቶሬ ልብ እንደ ደከመ፣ ገናን ማየታቸውም እንደሚያጠራጥር ተናገረ። ሽማግሌው ሐኪሙ እስኪወጣ ጠብቀው ለተንኪኤልን ጠሯት።

«ለቲ፣ እኔ ከልጆቹ ጋር ነው የምጨርሰው» አሉ። «የነሱ የውድድር ዘመን ሲያልቅ የኔም ያልቃል። ከዚያ በፊት የሚነቀንቀኝ የለም።»

«ባስታ ሲኞር፣ ይበቃል፣ እንዲህ አይባልም» አለች። ሟርት ነፍሷ አይወድም።

ቀልድ ነው ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ አላለፈችም። አባቷ አዲግራት ሲያርፉ ስልክ የተዘጋበት ዘመን ነበር። መርዶው የደረሳት አፈሩ ከደረቀ፣ ለቀስተኛውም ከተበተነ በኋላ ነው። ማልቀሻ ቦታ አጥታ ቆማ ልብስ ስትተኩስ ሲኞር ኤቶሬ፣ ያኔ ገና ይራመዱ ነበር፣ መጥተው ካውያውን ከእጇ ወሰዱ። ሸሚዞቻቸውን ራሳቸው ተኮሱ፤ አንዱንም አቃጠሉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በልቧ አባቷ ናቸው። ሁለተኛ አባት ሊሞትባት ነው፤ አልፈቀደችም። ሽመላዎቹ እስከተጫወቱ ድረስ የሚኖሩ ከሆነ ሽመላዎቹ መጫወት አለባቸው። ነገሩ ይኸው ነው። የሚሸነፍ ቡድን በጥር መባቻ ተሰናብቶ ቤቱ ይገባል፤ የሚያሸንፍ ወደ ጥሎ ማለፉ ያልፋል፣ ዕድሜም ይቀጥላል።

ሽመላዎቹ ግን መስከረምንና ጥቅምትን የተጫወቱት እዳ እንዳለበት ሰው ነው፣ አንገታቸውን ደፍተው። ይሸነፋሉ፣ ይሸነፋሉ፣ አንዱን እንደ ምንም ያሸንፉና መልሰው ይሸነፋሉ። ለተንኪኤል የእሑድ ዕረፍቷን እያቋረጠች ተመልሳ ታያለች፤ ምሽቱን ስትናደድ ታመሽና ሽማግሌውን አስተኝታ ሚካኤልን ትለምናለች። የምትለምነው ስለ ኳስ መሆኑን ግን ለማንም አልተናገረችም።

የመጀመሪያው ወንበር የመጣው በኅዳር ነው። ሽመላዎቹ እየተመሩ ነበር፤ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶታል። ሲኞር ኤቶሬ ዓይናቸውን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅሉ፣

«ለቲ፣ ለጂኖ ወንበር አምጪለት። ቆሞ ነው የሚያየው» አሉ።

ጂኖ ማን እንደሆነ ታውቃለች። ብረት ማቅለጫው ቤት አብሯቸው የሠራ፣ እዚያው ሥራ ላይ እንዳለ የሞተ የአገራቸው ሰው ነው። ፎቶው መተላለፊያው ላይ ተሰቅሏል።

«ጂኖ እኮ ሞቷል፣ ሲኞር።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው የደከመው።»

ሽማግሌ አይሞገትም ብላ ከምግብ ጠረጴዛው አንድ ወንበር አምጥታ ከጎናቸው አኖረች። እጇን ከመደገፊያው ሳታነሣ የተጋጣሚው ሯጭ ኳሷን ይዞ አመለጠ። ፊቱ ሰው የለም፣ ኋላው ሰው የለም፤ ወደ መጨረሻው መስመር ብቻውን ይበርራል። ድንገት ኳሷ አንድ ሰው እጁን የመታው ያህል ከክንዱ ወጥታ ተንከባለለች። የሽመላዎቹ ልጅ ወደቀባት። ሯጩ ቆሞ መዳፉን ያይ ነበር። ሽመላዎቹ በዚያች ኳስ አሸነፉ።

«ጂኖ ድሮም እጁ አያርፍም» አሉ ሲኞር ኤቶሬ።

ለተንኪኤል ሳቀች። ደስ ብሏት ነው የሳቀችው፤ ደጋፊ ሲያሸንፍ እንዴት እንዳሸነፈ አይጠይቅም። ወንበሩን ልትመልስ ስትነካው ግን መቀመጫው ሙቅ ነበር። ከማሞቂያው ነው አለች። ማሞቂያው ያለው በሌላው ግድግዳ ነው።

በሚቀጥለው እሑድ ካሲሚር የሚባለው ፖላንዳዊ መጣ፤ ወንበር ተሰጠው። የተጋጣሚው መቺ ከሁለቱ ብረቶች መሀል ሊያሳልፋት ተንደርድሮ፣ የቆመበት እግሩ ማንም ሳይነካው ከሥሩ ተጠለፈ። በሌላው እሑድ ቤፔ መጣ። ከዚያ እሷ ስማቸውን የማታውቃቸው መጡ። ሽማግሌው ማን ማንን እንደመታ፣ ማን እቶኑ አጠገብ ይዘፍን እንደነበር፣ ማን በምን እንደሞተ እየነገሯት ወንበሩን ያስመጣሉ። የጠረጴዛው ወንበሮች ሲያልቁ ለተንኪኤል ምድር ቤቱ ወርዳ፣ ድሮ በጋ ላይ ኦስቲያ ባሕር ዳርቻ ይዘዋቸው የሚሄዱትን ታጣፊ ወንበሮች ከነአሸዋቸው አወጣች። ባለ ሸራ ናቸው። ዘርግታ ስታቆማቸው ሸራቸው የተወጠረ ነው፤ ጨዋታው ሲጀመር ወደ ታች ይረግባል። አንድ ባንድ፣ ቀስ እያለ።

ከዚያ ወዲያ ጨዋታው ሲያልቅ ቴሌቪዥኑን የምታጠፋው ጀርባዋን አዙራ ሆነ። የጠፋ ቴሌቪዥን ጥቁር መስታወት ነው፤ ክፍሉን ሁሉ ያሳያል። እሷ ደግሞ ማየት አልፈለገችም።

አንድ እሑድ ልቧን አጽንታ ነበር። ሽማግሌው ወንበር ሲጠይቁ «የለም፣ አልቋል» አለቻቸው። ሽመላዎቹ ወዲያው ይፈርሱ ጀመር፤ ኳስ ወርዋሪው ልጅ ሦስት ጊዜ ለጠላት ወረወረ። ሲኞር ኤቶሬ ከንፈራቸው ሰማያዊ ሆነ፣ ትንፋሻቸው ተቆራረጠ። ሮጣ የመታጠቢያ ቤቱን በርጩማ አመጣች። ትንፋሻቸው ተመለሰ፣ ሽመላዎቹም አሸነፉ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ለተንኪኤል ግን ጠርጥራ፣ አውቃ፣ ዓይኗን ጨፍና ገባችበት።

ሐሙስ ሐሙስ ጣይቱ ጓደኛዋ ዝም ማለት እንዳበዛች አየች።

«ምነው? እያሸነፋችሁ አይደል እንዴ?» አለቻት።

«አላሸነፍንም» አለች ለተንኪኤል። «አሰልጣኙ እንደፈራ ነው፣ ልጁ እንዳሰበ ነው። ከመስከረም የተሻለ አንድ ነገር አልሠራንም። የሰው እጅ እየተመታ፣ የሰው እግር እየተጠለፈ ይሰጡናል እንጂ። እኔ እንዲህ ያለ ድል አይጥመኝም።»

«ማን ነው የሚሰጣችሁ?»

ለተንኪኤል ሻይዋን አማሰለች። ጣይቱም ዳኞቹ ጉቦ በልተዋል ማለቷ ነው ብላ አለፈችው።

የፈረንጆቹ ገና አለፈ። ሐኪሙ መጥቶ የሽማግሌውን ደረት ደጋግሞ አዳመጠና፣ ይህ ልብ በምን እንደሚመታ አላውቅም አለ። ለተንኪኤል በምን እንደሚመታ ታውቃለች። ኮርታም ነበር። ሽመላዎቹ በመጨረሻዋ እሑድ፣ የተጋጣሚው ሁለት ተጫዋቾች እርስ በርሳቸው ተላትመው በወደቁባት አንዲት ኳስ፣ ጥሎ ማለፉ ገቡ። ያን ምሽት ግን ወንበሩን ያመጣችው ሳትጠየቅ ነበር። ሲኞር ኤቶሬ መጠየቅ ካቆሙ ሰንብተዋል። አይበሉም፤ ሾርባው ከአፋቸው ጥግ ይመለሳል። አይተኙም፤ ሌሊቱን ዓይናቸው ተገልጦ ያድራል። ገላቸው ስታጥባቸው እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዛል። ልባቸው ግን ይመታል፣ አይቆምም። ሳሎኑም ማለዳ ማለዳ የተቃጠለ ብረት ይሸታል፤ መስኮት ብትከፍት ሽታው አይወጣም። ወንበሮቹን ማንሣት ትታለች። ብታነሣቸው ሲነጋ እዚያው ታገኛቸዋለች፣ ወደ ሽማግሌው ትንሽ ጠጋ ብለው።

በእኛ ልደት ዕለት ጣይቱ ድፎ ዳቦ ይዛ እንኳን አደረሰሽ ልትል መጣች። በሩ ገርበብ ብሎ አገኘችውና ገባች። ሳሎኑ መግቢያ ላይ ስትደርስ ቆመች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ወንበር ነው፣ ተራ በተራ ተደርድሮ፤ መሀል ላይ ሽማግሌው፣ ነጭ ብርድ ልብስ እስከ አገጫቸው፣ አይንቀሳቀሱም። ሐበሻ እንዲህ ያለ ቤት ሲያይ የሚያውቀው አንድ ነገር ነው። እንዲህ ወንበር የሚደረደረው እድር ሲያመጣው፣ ለቅሶ ሲሆን ነው። ጣይቱ ዳቦውን መሬት አኑራ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ፣ ከፊተኛው ተራ ተቀምጣ ድምጿን ለቀቀችው። «እኔን፣ ሲኞር ኤቶሬ፣ እኔን፣ ደጉ ሰውዬ» እያለች ደረቷን ትመታለች።

ለተንኪኤል ከመኝታ ቤት አንሶላ እንደያዘች ሮጣ ወጣች። ያስደነገጣት ልቅሶው አልነበረም። ጣይቱ የተቀመጠችበት የጂኖ ወንበር ነው።

«ተነሺ ጣይቱ፣ ከዚያ ተነሺ። ምን ሆነሻል? አልሞቱም።»

ጣይቱ ቀና ስትል ሲኞር ኤቶሬ ያይዋት ነበር። ጮኸች፣ ከወንበሩ ላይም ዘለለች። ለምን እንደዘለለች ኋላ ስትጠየቅ በሽማግሌው ደንግጣ እንዳልሆነ ማለች። አንድ ሰው ከሥሯ ቀስ ብሎ የገፋት መሰላት። ከዚያ ዕለት በኋላ በዚያ ቤት ደጃፍ አላለፈችም፤ ያኔም ዳቦዋን ሳታስቆርስ ሄደች።

«ለማን ነው ያለቀሰችው?» አሉ ሲኞር ኤቶሬ። ከሳምንት በኋላ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል ነው።

ለተንኪኤል ዋሽታ ልታልፍ አስባ አልሆነላትም። «ለእርስዎ ነው» አለች። «በእኛ አገር ወንበር እንዲህ የሚደረደረው ሰው ሲሞት ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ የማያውቀውም ሰው መጥቶ ይቀመጣል። ቢያንስ ሦስት ቀን። ቤተ ሰቡ ብቻውን እንዳይሆን።»

«ዝም ብሎ ይቀመጣል?»

«ዝም ብሎም ቢሆን ይቀመጣል።»

ሽማግሌው ረጅም ጊዜ ወንበሮቹን አዩ። «ጂኖ የሞተ ቀን የሥራ ፈረቃው አልቆመም» አሉ። «እቶኑ እንዳይበርድ ብለው በጎኑ አሳለፉን። እኔም በጎኑ አለፍኩ። እሑድ ኳስ አየሁ።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «አሁን ሊወስዱኝ መጥተው፣ ጨዋታው አላልቅ ብሎ ቁጭ እንዳሉ ቀሩ። ደክሟቸዋል ለቲ። ስትዘረጊላቸው ይቀመጣሉ፣ ሲቀመጡ ደግሞ ይጫወታሉ፤ እነሱ እንዲህ ናቸው፣ እንቢ ማለት አያውቁም። እኔም ደክሞኛል።»

«እርስዎ ደህና ነዎት» አለች።

«እሑድ ወንበር አታምጪ።»

«ገና ብዙ ጨዋታ አለ፣ ሲኞር። ዘንድሮ ዋንጫውንም እንበላለን።»

«ለቲ» አሉ፣ እንደ ልመና። እሷ ግን አንሶላውን አንሥታ ወጣች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ እኔ ደግሞ ፍቅርን እጨምርበታለሁ።

ያ እሑድ ጥምቀት ሳምንት ሲቀረው ነበር። ከቀትር ጀምሮ ሲዘንብ ውሎ ከቲቡርቲና የሚወጡት ባቡሮች እንኳ ድምፃቸው ታፍኗል። ለተንኪኤል ሽማግሌውን አጥባ፣ ንጹሕ ሸሚዝ አልብሳ፣ ባለ ክንዱ ወንበር ላይ አስደግፋ አንድ ሰዓት ላይ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ሸራዎቹ አንድ ባንድ ረገቡ። ቤቱ ውስጥ ያልተቀመጠበት ወንበር አንድ ብቻ ቀርቶ ነበር፤ እሷ ወጥ ቤት ቁርሷን የምትበላበት።

ልናገረው የሚገባ ነገር ቢኖር ሽመላዎቹ ያን ምሽት በእውነት ተጫወቱ። ያ ፈሪ አሰልጣኝ በአራተኛው ሙከራ አልጠለዘም፤ ሞከረ። ያ አሳቢ ልጅ ሳያስብ ወረወረ፣ ጓደኞቹም ያዙለት። የማንም እጅ አልተመታም። ለተንኪኤል ቆማ እያየች ዓመቱን ሁሉ ያላገኘችውን ደስታ አገኘች፤ ያለ ሰው እርዳታ፣ በገዛ እግራቸው ነው የሚሮጡት። በሁለት ነጥብ መሩ። ከዚያ ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል ተጋጣሚው ኳሷን እየገፋ፣ እየገፋ መጥቶ ብረቶቹ ፊት ደረሰ። መቺያቸው ወጣ። ካገባ ሦስት ነጥብ ነው፤ የሽመላዎቹ ዘመን ያልቃል። ከሳተ ያልፋሉ። ርቀቱ ልጅ የማይስተው ነው።

ወደ ሽማግሌው ዞረች። ቴሌቪዥኑን አያዩም፤ እሷን ነበር የሚያዩት። አልተቆጡም፣ አልለመኑም። ደክሞት ታክሲ እንደሚጠብቅ ሰው ነበሩ።

ለተንኪኤል ወጥ ቤት ገባች። ሁለት እጇን የወንበሩ መደገፊያ ላይ አሳረፈች። አንሥታ አምስት እርምጃ ብትሄድ ኳሷ ትስታለች፤ ገምታ ሳይሆን አውቃው ነው። ሲኞር ኤቶሬ ሌላ ሳምንት ይከርማሉ። ዓይናቸው እንደተገለጠ፣ ሾርባው ከአፋቸው ጥግ እየተመለሰ። ወንበሩን አነሣች፣ እስከ በሩም ወሰደችው።

በሩ ላይ ስትደርስ ያሰበችው አባቷን ነው። አዲግራት ሰው አስታሟቸዋል፣ ዓይናቸውን ከድኗቸዋል፣ ትከሻውን አበድሯቸዋል። ያንን ሁሉ ዓመት እኔ አልነበርኩም እያለች ስታለቅስበት ኖራ፣ አንድ ነገር አላየችም ነበር፤ ማንም እግራቸውን ይዞ አላስቀራቸውም። እሷ ግን እኚህን ሰው እግራቸውን ይዛለች። እወዳለሁ እያለች።

ወንበሩን እዚያው በሩ ላይ አስቀምጣ ተቀመጠችበት፣ ጀርባዋን ለሳሎኑ ሰጥታ። ጉልበቷ ተንቋቋ። ከቴሌቪዥኑ ኳሷ ስትመታ ሰማች፣ ከዚያ የሰው ጩኸት፣ የደስታ፣ የተጋጣሚው ደጋፊዎች።

ከዚያ ወንበሮቹ ተንፏቀቁ። አንዱ፣ ሌላው፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት፣ ጨዋታ ሲያልቅ ሰው እንደሚነሣው። የከባድ ጫማ ኮቴ ወደ መተላለፊያው ወጣ። በወጥ ቤቱ በር፣ በጀርባዋ በኩል፣ ቀሚሷን የሚነካ ያህል ቀርበው ያልፋሉ፤ የጋለ ብረት ሽታ አብሯቸው ያልፋል። የማታውቀው ሰው አስከሬን ሲያልፍ እንደሚደረገው አንገቷን ደፍታ ቆየች። አንዱ በጣም በዝግታ ያፏጫል።

ኮቴው ሁሉ ካለፈ በኋላ አንድ ቀረ። የነጠላ ጫማ ነው፣ ግራውን ትንሽ ይጎትታል። መጀመሪያ አላወቀችውም፤ ከሰማችው ሁለት ዓመት ሆኗታል። ከበስተጀርባዋ ደረሰና ቆመ። ለተንኪኤል አልዞረችም። እንዲሄድም እንዲቆምም ትፈልጋለች፤ ሁለቱም እኩል ያማል።

«ይሂዱ» አለች፣ በአማርኛ። «ይሂዱ አባባ። እኔ ደህና ነኝ።»

ኮቴው ትንሽ ቆየና ቀጠለ። የውጪው በር ሲከፈት አልሰማችም።

ሲኞር ኤቶሬ ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ነበሩ፣ ዓይናቸው ተከድኗል። ቴሌቪዥኑ ላይ ሽመላዎቹ ዝናብ እየመታቸው ካሸነፏቸው ልጆች ጋር ይጨባበጣሉ። በክፍሉ ያሉት ወንበሮች በሙሉ ወደ ኋላ ተገፍተዋል፣ የታጣፊዎቹም ሸራ ተወጥሯል። ከኅዳር ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ባዶ ነበሩ፤ ይህን ስታይ ነው እንባዋ የመጣው። ከበሩ የራሷን ወንበር አምጥታ፣ ከአጠገባቸው አስጠግታ፣ ሰው እስኪመጣ ተቀመጠችላቸው።